የተወለወለው ምድጃ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን ያሳለፍኩት አፍንጮ በር፣ በሰው ጓዳ ተንበርክኬ ምድጃ ውስጥ በባትሪ ሳበራ ነው። ከፒያሳው ቢሮ የወጣነው እኔና አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ነን። አዲስ ሱፍ ለብሼ ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ጉልበቴ ከቆሸሸ በኋላ ነው።

የካርቦን ኦዲት ሲባል ሰው ይፈራል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። እንጨትና ከሰል የሚቆጥብ ምድጃ ለቤተሰብ በርካሽ ይሰጣል። በዚህ የቀረው ጭስ ይሰላና ባሕር ማዶ ላለ ኩባንያ ይሸጣል፤ በገንዘቡ ለሌሎች ምድጃ ይሠራል። እኛ የምናረጋግጠው ምድጃው በእርግጥ ሥራ ላይ መዋሉን ነው። አልዋለም ካልን ፕሮጀክቱ ይቆማል። በዚያ ሰፈር ደግሞ ተራቸውን የሚጠብቁ ብዙ እናቶች ነበሩ።

“ሰው ለይሉኝታ ሲል ይዋሻል” አሉኝ ጋሽ ታደሰ በመንገድ ላይ። “አንቺ ጥላሸቱን እይ።”

መጀመሪያ የገባንበት ቤት፣ የእትዬ ዘነበች ምድጃ ጥላሸት የሚባል ነገር የለበትም። ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ጓሮ ደግሞ ድስት የተጣደበት አሮጌው ምድጃ ጭሱን ያትጎለጉላል። ጋሽ ታደሰ ወደዚያ አይተው፣ “በቃ፣ አልተጠቀሙበትም” አሉኝ ቀስ ብለው። ከፋኝ።

እትዬ ዘነበች ጨዋታ አዋቂ ናቸው። “ለመሆኑ የምትቆጥሩት ምንድነው?” አሉኝ።

“ያልጨሰውን ጭስ።”

“የሌለ ነገር ቆጥራችሁ ደሞዝ ትበላላችሁ? ለልጄም እዚያው ሥራ ፈልጊለት።”

ስቄ ሳበቃ፣ “ታዲያ እትዬ፣ ለምን በአዲሱ አልሠሩም?” አልኳቸው።

“አዲሱንማ እንግዳ ሊያየው ነው ተብሎ ትናንት ከጎረቤቶቼ ጋር በአመድ ስንፈትግ ዋልን። ውስጡንም ለሰንኩት። የናንተን ምሳ ሠርቼበት ላቆሽሸው? ከቢሮ ለመጣ ሰው ጥላሸት ይቀርባል?”

የፕሮጀክቱ ሠራተኛ መምጣታችንን አስቀድሞ ለሰፈሩ ነግሮ ኖሯል። የቀጣዮቹም ቤቶች ምድጃ ሁሉ ያበራል፤ አንዷማ ብርማ ቀለም ቀብታዋለች። ለኛ ክብር ሲባል ሰፈሩ ምድጃውን ሊያጣ ነው።

“አምናቸዋለሁ፤ ማመን ግን ኦዲት አይደለም” አሉ ጋሽ ታደሰ። እውነታቸውን ነው።

“እንግዲያው ሌላ ቀን ሳንነግራቸው እንመለስ፣ ምሳ ሲጣድ” አልኩ። ትንሽ አሰቡና ተስማሙ። ደንባችን ከምንመረምረው ቤት መብላት ይከለክላል፤ ይህን ለእትዬ ዘነበች ማስረዳት ከካርቦኑ ይልቅ ከበደኝ።

የተመለስን ቀን እትዬ ዘነበች በሩን ከፍተው ሲያዩን ክው አሉ። አዲሱ ምድጃ እሳት ይዞ፣ ሽሮ ገንፍሎ ጎኑ ላይ ደርቆበት፣ ጠቁሮ ተቀምጧል።

“ምነው፣ እንዲህ በሰው ገመና ላይ ይገባል?” ብለው ጨርቅ አንስተው ሊወለውሉት ተጣደፉ።

“በማርያም እንዳይነኩት” አሉ ጋሽ ታደሰ፣ እጃቸውን ዘርግተው። ፎቶ ሳነሳ እትዬ ዘነበች ፊታቸውን አዙረው ነበር።

ሁሉም ቤት እንዲህ አልነበረም። አንዱ ቤት ምድጃው ላይ ጤና አዳም ተተክሎበት አገኘን፤ ከቁጥር አወጣነው። አብዛኛው ግን ሥራ ላይ ነበር፤ ፕሮጀክቱም ቀጠለ። ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ምድጃቸውን የወሰዱ ቀን ሄጄ አየሁ፤ በጣም ደስ አለኝ። እትዬ ዘነበች ግን ለረጅም ጊዜ ሰላም የሚሉኝ በኩርፊያ ነበር።

ዛሬ አዲስ ገቢዎችን ሳሠለጥን የምላቸው ይህንኑ ነው፦ ምድጃ የሚታየው ሳይነገር፣ ምሳ ሲጣድ ነው። የቤቷ እመቤት ካልተቀየመቻችሁ ቀድሞ ተነግሯታል ማለት ነው። ሌላ ቀን ተመለሱ።