አንገቴ ላይ ያለችው ፔኒ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ያስፈራኛል። ይህን ግን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል።

የሆነው አሜሪካ ፔኒ የሚሏትን ባለ አንድ ሳንቲም መሥራት አቆመች በተባለበት ሰሞን ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለ አንድ የአበሻ ሬስቶራንት ጠረጴዛ እጠርግና ዕቃ አጥብ ነበር። ባለቤቷ እትዬ ብርቄ ደንበኞች የሚተዉትን ቲፕ ሲያካፍሉ ፔኒዎቹን በጣታቸው ወደ እኔ ይገፏቸዋል። «እነዚህን አንቺ ውሰጂ፤ ለማንም አይጠቅሙም» ይሉኛል። አስተናጋጆቹ ይስቃሉ። እኔ እወስዳለሁ።

አንድ ቀን ከቀያዮቹ መካከል አንዲት ግራጫ ፔኒ አገኘሁ። ደስ አለችኝ። ወሎ፣ እኛ ሰፈር፣ ሴት ልጅ የወደደችውን የብር ሳንቲም አስበስታ አንገቷ ላይ ታስራለች። እኔም ጎረቤቴ በመሰርሰሪያ ሲበሳልኝ በጥቁር ክር አንገቴ ላይ አሰርኳት።

እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ጋሼ መኮንን የሚባሉ፣ ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ የሚቀመጡ ጡረተኛ ደንበኛ አሉ። ትሪያቸውን ሳነሳ ፔኒዋን አዩ።

«ቆይ እስቲ፣ አትንቀሳቀሺ» ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። «1943 ይላል! ብርቄ፣ ነይ ቶሎ! ሚሊዮን ያወጣል የሚባለው ፔኒ እኮ ነው! ይቺ ልጅ በስታ እንደ በግ ቃጭል አንጠልጥላዋለች!»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እትዬ ብርቄ ግን አልሳቁም።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከሰጡኝ ፔኒዎች ውስጥ።»

«እኔ የሰጠሁሽ ፔኒ ነው፤ ሚሊዮን አልሰጠሁሽም። ፍቺው!»

ሰው ሁሉ ያየኛል።

«አልፈታም» አልኩ። «ለማንም አይጠቅሙም ብለው የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው ወይ ፔኒውን ወይ የሥራ ሽርጡን ፍቺ!»

ሌላ ሥራ አልነበረኝም። የሚድ ሲቲ ክፍሌ ኪራይም ደርሶ ነበር። ሽርጡን ፈታሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ጋሼ መኮንን ስልካቸውን ሲነካኩ ቆይተው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ብርቄ፣ ኧረ ቆይ። ውዱ የመዳቡ ነው ይላል። በ1943 መዳቡ ለዓለም ጦርነቱ ስለተፈለገ ፔኒውን በብረት ነው የሠሩት። የብረቱ ደግሞ ሞልቷል። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው።»

እትዬ ብርቄ አላመኑም። ከፍሪጁ በር ላይ ማግኔት ነቅለው መጡና ደረቴ ላይ አስጠጉት። ፔኒዋ ጠቅ ብላ ተጣበቀች።

«የብረቱስ ስንት ነው?»

«ሳንቲሞች። የተበሳውን ደግሞ ማን ይገዛዋል?»

ያን ጊዜ እትዬ ብርቄ ሳቁ። ማግኔቱን አላቀቁና ሽርጡን ወረወሩልኝ። «በይ በይ፣ ቀልዴን እኮ ነው። ዕቃው ተቆልሏል፣ ግቢ።»

ቀልድ አልነበረም። ሽርጡን አጥፌ መልሼ አስቀመጥኩና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ዛሬ ራቅ ብሎ ሃውቶርን ባለ ሌላ ሬስቶራንት ውስጥ እሠራለሁ። አውቶቡሱ ያደክማል፤ መውጣቴ ግን አንድም ቀን አልቆጨኝም። ፔኒዋ አሁንም አንገቴ ላይ ናት። ስንት ታወጣለች ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አትሸጥም እላለሁ። ከእትዬ ብርቄ ጋር ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም። የዚያን ቀን በሩ ላይ ቆመው ከኋላዬ የጮኹት ግን ጆሮዬ ላይ ቀርቷል፦

«አንቺ! ለአንድ ፔኒ ብለሽ ነው እንዴ ሥራ የምትለቂው?»