ቁርበቱን ያነሳሁ ዕለት

የልጅ ልጄ ኮሌጅ ገብታ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ፊቷን አጨፍግጋ አገኘኋትና ምን ሆነሽ ብላት፣ «ፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥር የሚቀመጥበት አንድ ቦታ አለ፣ እማማ። ለአንድ ሥራ ብዬ ቀየርኩት። ያንኑ ቦታ የሚያዩ ሌሎች ክፍሎች መኖራቸውን ረስቼ ሁሉም ተበላሸብኝ» አለችኝ። እሷ እስከ ምሳ ድረስ አስተካከለችው። እኔ ግን አንድ የድሮ ቁርበት ትዝ አለኝ።

ጣሊያን ደብረ ታቦርን በያዘ ጊዜ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከገሳይ ወረድ ብሎ፣ መንገዱ ዳር ነው። ወንድሜ ደምሴ ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቷል። መንገዱ ላይ ወታደር ሲኖር የመኝታ ቁርበታችንን አጥር ላይ እናሰጣለን፤ ሲሄድ እናነሳዋለን። ቁርበት ፀሐይ ማስመታት የየቤቱ ወግ ስለሆነ የሚጠረጥር የለም። ጋራው ላይ ያሉት እሱን አይተው ይወርዳሉ፣ ወይም ይቀራሉ። ምልክቱን ያወጣችው እናቴ ናት። ብልህ ሴት ነበረች፤ እኔ በእሷ አልወጣሁም።

ኅዳር ላይ እናቴ በተስቦ ወደቀች። ገብሱ አጫጅ አጥቶ ይረግፋል። አጥሚት ባቀርብላት ሁለት ጉንጭ ሳትል መለሰችው።

«ደምሴን ሳላይ አልሙት» አለችኝ።

ወታደሮቹ መንገዱ ላይ ካለው ድልድይ ዘንድ ሰፍረው ነበር። ደምሴ ግን ምንጊዜም የሚገባው ከጓሯችን ባለው ሸለቆ እንጂ በመንገድ አይደለም። ማን ያየዋል ብዬ፣ በጠራራ ፀሐይ ቁርበቱን ጠቅልዬ አስገባሁ።

ደምሴ መጣ። እናቴ ፊቱን በመዳፏ ዳብሳ መረቀችው። አልዋሽም፣ በዚያ ክፉ ዘመን እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም። ወዲያው ከድልድዩ በኩል ተኩስ ሰማን።

«ወታደሩ ሳይሄድ ነው ያነሳሽው?» አለኝ ደምሴ።

«ለአንተ ብዬ ነው።»

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የማየው?»

የጎረቤታችን የጥሩወርቅ ባል አያሌው፣ እሱም አርበኛ፣ ጋራው ላይ ሆኖ ያንኑ አጥር ይመለከት ኖሯል። የእሱ ቤት ከድልድዩ ማዶ ነውና ሊሻገር መንገድ መንገዱን መጣ። እዚያው ጣሉት። እናቴም በማግስቱ ዐረፈች፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ቀበርን።

ደምሴም እኔም ለማንም አልተናገርንም። ጥሩወርቅ ባሌ ምልክቱን ሳያይ ወረደ ብላ አመነች። ሙት ዓመቱን ስታወጣ አብሬያት ጉድ ጉድ እል ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ችኩል ነበር» እያለች ሟቹን ስትወቅስ እሰማለሁ። ዘንድሮ እሷም እየመረቀችኝ ሞተች።

አያሌው ችኩል አልነበረም። ጋራው ላይ ቆሞ አጥራችንን ደህና አድርጎ አይቶ፣ እኛን አምኖ ነው የወረደው።