ማጉረምረሙ ሲቆም

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ቁልቁለት፣ የኛ ሰፈር እግረኛ ከጭነት መኪና ራሱን የሚጠብቀው በጆሮው ነው። መኪናው እያጉረመረመ ከወረደ ሹፌሩ ፍሬን ሞተር ይዟል፤ ሞተሩ ራሱ የኋላ ጎማዎቹን አፍኖ ይዟቸዋል ማለት ነው። ያኔ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ድምፁ ድንገት ከጠፋ ግን «ፍሬን በጠሰ!» ተብሎ ሁሉም ወደ መንገድ ዳሩ ቦይ ይዘላል። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ አምኜ ኖሬያለሁ፣ ባሌ አጠገብ ጋቢና ውስጥ እስከተቀመጥኩባት ቀን ድረስ።

የፍልሰታ ጾም ነበር። ባሌ እላይ ለሚሠራ ግንብ ድንጋይ አራግፎ የጭነት መኪናውን ባዶውን ይዞ ሲመለስ አብሬው ነበርኩ። ሲጥል ያረፈደው ዝናብ የተቆፈረውን የመንገድ ዳር ጭቃ አስፋልቱ ላይ አንጥፎታል። ቀስ በል አልኩት።

«ባዶ መኪና ደግሞ ምን ያስፈራል?» ብሎ ሳቀብኝ። «የሚፈራው ሲጫን ነው።»

ሳቁ አላማረኝም። ከታች ከቅዳሴ የወጡ ሴቶች መንገዱን ሞልተው ይወርዳሉ። ከመካከላቸው እናቴን በጥቁር ጃንጥላዋ ለየኋት። እናቴ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል፤ ትከሻዋን ካልነኳት አትሰማም።

ባሌ የፍሬን ሞተሩን ማብሪያ ተጫነ። መኪናው ማጉረምረም ጀመረ። ሴቶቹ ሰሙት፣ አንዳቸውም አልዞሩም። እኔ ግን ወንበሩ ከሥሬ ወደ ጎን ሲሄድ ተሰማኝ። ጭነት ስለሌለው የኋላው ቀሎ፣ የታፈኑት ጎማዎች መሽከርከሩን ትተው ጭቃው ላይ ይንሸራተታሉ። መኪናው በጎኑ ሆኖ መንገዱን እየጠረገ ወደ ሴቶቹ ይወርዳል።

«ከለቀቅኩት ይፈጥናል» አለ ባሌ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል። «ካልለቀቅኩት ግን አይቃናም።»

ማብሪያውን አጠፋው። ጸጥ አለ። ጎማዎቹ መሽከርከር ጀመሩ፣ መኪናውም ቀስ በቀስ ፊቱን አቃና፤ ፍጥነቱ ግን ጨመረ። ሴቶቹ ድምፁ ሲጠፋባቸው በማርያም ስም እየጮኹ ወደ ቦዩ ዘለሉ። መሃል አስፋልት ላይ ጥቁሩ ጃንጥላ ብቻ ቀረ፣ በዝግታ እየተራመደ። ባሌ ክላክስ አደረገ። አልዞረችም። ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ ያደርገዋል፤ በአንድ ጊዜ ቢረግጠው ተመልሶ እንደሚንሸራተት ገብቶኛል፣ ግን እግሩን በእጄ ብጫነው በወደድኩ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

መኪናው ጃንጥላዋን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቆመ።

እናቴ ያኔ ዞረች። ስታየን ፊቷ በራ። በሩን ከፈትኩላት።

«ጎሽ ልጆቼ፣ እግሬ ዝሎልኝ ነበር» እያለች ወጣች። ቦዩ ውስጥ ጭቃ ለብሰው የቆሙትን ሴቶች አየችና «እነዚህን ደግሞ ምን ነካቸው?» አለችን።

ባሌ በአንደኛ ማርሽ ማዝገም ጀመረ፣ ማብሪያውንም አልነካም። እሷ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ «ቀስ በል ልጄ፣ መንገዱ ያንሸራትታል» አለችው።

እስከ ዛሬ አልነገርናትም። ክረምት በመጣ ቁጥር ከእናቴ ጋር በእግር ስንወርድ ከበስተኋላችን ጭነት መኪና ሲያጉረመርም እሰማለሁ። ሌላው ሰው ሳይዞር መንገዱን ይቀጥላል፣ እኔ እጇን ጎትቼ ቦዩ ውስጥ አስገባታለሁ። እሷም «ነጠላዬን አጨቀየሽው» ብላ ትቆጣኛለች።