እናት ቆራጭ

የማስመዘግበው በደል አንድ ነው። ባሌ "እናት ቆራጭ" እየተባለ ዓመታት ኖረ። እናቲቱን ቁረጥ ያለው ግን ሌላ ሰው ነው። ስሙን ልጆቼም ጭምር ተሸክመውታል፤ ስለዚህ ከየት እንደመጣ እጽፋለሁ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ቃሌ ቢያንስ ነገሩ አያንስም።

በደርግ ጊዜ ልደታ፣ ከጌጃ ሰፈር ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር አንድ ገደል ነበር። ላዩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ለምርጊት አይሆንም። ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ግን ከጭድ ጋር ሲቦካ ግድግዳ ያቆማል። ከላይ እንዳይቆፈር አፋፉ ላይ ቤቶች አሉ። ስለዚህ ቆፋሪዎቹ ከገደሉ ፊት ወደ ጎን እየገቡ፣ ጎን ለጎን ጉድጓድ እያበጁ ያወጡታል። በሁለት ጉድጓድ መካከል ሳይነካ የሚቀረውን አፈር "እናት" ይሉታል፤ ከላይ ያለውን ሁሉ፣ ቤቱንም ሰዉንም የተሸከመችው እሷ ናትና።

ባሌ ቆፋሪ ነበር። ቀበሌው አዳራሽ ሊሠራ አፈር ሲፈልግ አንድ መሐንዲስ መጥቶ ገደሉን አየ። በጉድጓዶቹ መካከል የሚቀረው አፈር ከጉድጓዱ ስፋት እንዳያንስ አለ። አፋፉ ላይ፣ ሳሩ ውስጥ ቀጭን ስንጥቅ አግኝቶ ከወዲህና ከወዲያ ችካል አስተከለ። "ችካሎቹ ከተራራቁ ማንም እንዳይገባ። ውሃ እንዳይተኛበትም ቦይ ቅደዱለት" ብሎ ሄደ። ባሌ ማታ ሲነግረኝ ደስ ብሎት ነበር። "እኛ እናት የምንላትን እሱ ምሰሶ ይላታል። ነገሩ አንድ ነው" አለኝ።

ክረምቱ ሲበረታ ሥራው ቆመ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አዳራሹ ለአብዮት በዓል ይድረስ ተባለና አንድ እሁድ ሁላችንም ለልማት ወጣን። እኛ ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነን አፈሩን በባሬላ እንሸከማለን። ባሌ መጀመሪያ አፋፉ ላይ ወጥቶ ችካሎቹን አየና ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ሊቀመንበሩ ከመመረጡ በፊት ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የበላዮቹን ግን ይፈራል።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ችካሉ ተራርቋል። ዛሬ መግባት አይሆንም።"

"አፈሩ አልበቃንም እኮ።"

"ጉድጓዶቹ አልቀዋል። የቀረችው እናቲቱ ናት።"

"እሷን ነዋ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ ጋሼ፣ ይህን የሚያህል ጨርቅ መሐል ላይ ትቼ አላውቅም።"

ሰዉ ሳቀ።

"ይሄ ጨርቅ አይደለም" አለ ባሌ።

"ከፈራህ ቁጭ በል፤ ከወጣቶቹ አንዱ ይቆርጣታል። ልማት ያደናቀፈ ግን ስሙ ይያዛል።"

ባሌ ወጣቶቹን ዞሮ አያቸው። ከዚያ ዶማውን አነሳ። አፈሩን የሚዝቁ ሁለት ልጆች ተከትለውት ገቡ።

እናቲቱ ገና ግማሿ ሳይቆረጥ ከጣሪያው አፈር እንደ ዱቄት ረገፈ። "ውጡ" ሲል ሰማሁት። ልጆቹ ወጡ። እሱ ሊወጣ ሲዞር ገደሉ ቁጭ አለ። ድምፁ እንኳን ትልቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሲተነፍስ ይመስላል። አፋፉ ላይ የነበረ ማድቤት አብሮ ወረደ፤ ደግነቱ ባዶ ነበር። ባሌን ከወገቡ በታች ተቀብሮ አገኘነው። አፈር ስሸከምበት በዋልኩት ባሬላ ተሸክመን ወሰድነው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩ ግን አጥሮ ገጠመ።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ተነስቶ፣ "ማንም አላዘዘውም። ቶሎ ጨርሼ ልገላገል ብሎ እናቲቱን በራሱ ቆረጠ" አለ። እሁድ ዕለት የሰሙት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። እጄን አወጣሁ።

"ቁረጥ ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ?"

"አጀንዳችን ይህ አይደለም፣ እህቴ።"

በሚቀጥለውም ስብሰባ እጄን አወጣሁ። ከዚያ በኋላ ባለውም። ገና ስነሳ "መጣች የእናት ጠበቃ" ይላሉ። ጎረቤቴ ነጠላዬን እየጎተተች፣ "ኧረ ተይ፣ ከመንግሥት ጋር ምን ያጋፋሻል? ሆድ ይፍጀው" ትለኛለች።

"የኔ ሆድ ይህን አይፈጅም" አልኳት።

የባሌ ስም "እናት ቆራጭ" ሆኖ ቀረ፤ ጉድጓድ የሚያስቆፍረውም ጠፋ። የእግሩን ጉዳት ችሎ ነበር። ቤት ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ የጀመረው አንዲት ሴት በሯ ላይ ቆማ "እናት የቆረጠ እኔ ግቢ አይቆፍርም" ካለችው ወዲህ ነው።

ስለዚያች አፈር ብዙ አስቤአለሁ። ስትሠራ አትታይም። ዝም ብላ ስለምትቆም ሥራ ፈት ትመስላለች፤ ቢወስዷት ምንም የማይጎድል ይመስላል። ለዚህም ይሆናል ቆፋሪዎቹ ያን ስም የሰጧት።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ሰውየው ከሊቀመንበርነቱ ተነስቶ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ወዳለው ስፌት መኪናው ተመለሰ። የባሌን አዲስ ሱሪ ይዤ ሄድኩ።

"ይጠርልኝ።"

"ምን ያህል?"

"አራት ጣት። ቀኙ እግር ብቻ።"

ቀና ብሎ አየኝና አወቀኝ። ሊቀመንበር ሳለ እርስዎ እለው ነበር፤ ያን ቀን አንተ አልኩት።

"እናቲቱን ቁረጥ ያልከው አንተ ነህ፣ አይደለህም?"

ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በጠመኔ አሰመረ። መቀሱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

"እኔ ነኝ" አለ። "አፈር መስሎኝ ነበር።"