የለኪው ስም

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለች የውሃ ፓምፕና የኬብል ሱቅ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ነስሩ ይባላሉ። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ ሁለት ቁራጭ ኬብል ሰጡኝና ቀጥላቸው አሉኝ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት መውጣቴ ነውና ደረቴን ነፍቼ ቀጠልኩ፤ ጥቁር ናስትሮም አሳምሬ ጠቀለልኩበት። ሲያብረቀርቅ አይቼ ራሴን አደነቅሁ።

ሐጂ መጋጠሚያውን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ጣሉትና ነገ ና አሉኝ። በማግስቱ ሜገር በምንለው መለኪያ ሲፈትሹት መርፌው ዜሮ ላይ ተኛ። ውሃ ገብቷል ማለት ነው።

«ይሄን ለዓይን ነው የሠራኸው» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ በዚያው ቀጠሩኝ።

ያኔ ውሃ የማያስገባ ማያያዣ እንደ ዛሬው በካርቶን አይመጣም ነበር። የመኪና ካላማዳሪያ በቀጭኑ እየቆረጥን፣ በማስቲሽ እየለጠፍን፣ በላዩ ናስትሮ እንጠቀልል ነበር። ጥቂት ወራት ይይዛል፤ ከዚያ ፓምፑን እንደገና ከጉድጓድ መጎተት ነው። በኋላ ረዚን የሚባለው፣ ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ የሚደነድነው ዓይነት መጣ። መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ታጸዳለህ፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በመዳብ ቱቦ አገናኝተህ በመጭመቂያ ትጨምቃለህ፤ የፕላስቲክ ቅርፊቱን ትዘጋና ሁለቱን ፈሳሽ ቀላቅለህ ታፈስበታለህ። ከዚያ እጅህን ሰብስበህ እስኪጠነክር ትጠብቃለህ። አብዛኛውን ሰው የሚያቅተው ይህ የመጨረሻው ነው።

በሱቃችን የኬብሉን ልባስ የሚያወልቅ ላጭ፣ ገጣጣሚና ለኪ የሚባል ማዕረግ ነበር። የሐጂ ሕግ ደግሞ አንድ ነበረች፤ የገጠመ ሰው የራሱን ሥራ አይለካም። መጋጠሚያው አንድ ቀን በርሜል ውስጥ ካደረ በኋላ ሌላ ሰው ይለካዋል፤ ኬብሉ ላይ በሚንጠለጠለው ካርድም የሁለቱ ስም ይጻፋል። ለኪያችን ከድር ነበር። በሥራ ላይ ፊቱ የማይፈታ፣ ከሥራ ውጪ ግን ቀልዱ የማያልቅበት የስልጤ ሰው ነው። ሥራዬን «ድገመው» ብሎ ሲመልስልኝ በሆዴ እናደድበት ነበር።

የቆርቆሮ ሱቆቹ እየፈረሱ ፎቅ ሲበዛ የምድር ቤት መጋዘንም በዛ። ምድር ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይቋጥራል፤ ለእኛ እንጀራ ነበር።

አንድ የሐምሌ ዓርብ ሐጂም ከድርም ለጁምዓ ሄደው ሱቁን ብቻዬን ስጠብቅ፣ እትዬ ብርሃኔ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ፓምፕ ከነኬብሉ በተሸካሚ አስይዘው መጡ። ኬብሉ ተበጥሷል። በዚያው ሰፈር ካለ ሕንፃ ምድር ቤት ያከማቹት ጨርቅ ላይ ውሃው ሊደርስ ስንዝር ቀርቶታል። «ልጄ፣ ዕድሜዬን የለፋሁበት ነው የሚጠፋው» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ሰጋጁ መንገዱን ሞልቶታልና ከድርን መጥራት አልቻልኩም፤ ኬብሉን ብቻዬን ገጠምኩት።

ረዚኑ በክረምት ብርድ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። እኔ አንድ ሰዓት እንኳ አልሰጠሁትም። ላዩን በጣቴ ስነካው ጠንክሯል፤ ውስጡ ግን ገና ማር ነበር። በርሜል ሳላስገባ ራሴ ለካሁት። ደረቅ ስለሆነ መርፌው ጥሩ አሳየኝ።

የሕንፃው ዘበኛ ጋሼ ወልዴ የሐጂን ሕግ ያውቃሉ፤ ሁለት ስም የሌለበትን ካርድ አይቀበሉም። ስለዚህ በገጣጣሚው ቦታ የራሴን ስም፣ በለኪው ቦታ የከድርን ስም ጻፍኩና ካርዱን ኬብሉ ላይ አንጠልጥዬ ለእትዬ ብርሃኔ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ከድር፣ ኋላም ሐጂ ሲመለሱ ስለ ካርዱ ትንፍሽ አላልኩም።

በማግስቱ የፓምፑን አፍ ፌስታል ደፈነው። ጋሼ ወልዴ ፌስታሉን ሊያወጡ ውሃው ውስጥ ገቡ። አንድ እጃቸው የብረት ደረጃውን እንደያዘ በመጋጠሚያው የሾለከው ኤሌክትሪክ ጨመደዳቸው። ሰው ደርሶ ቆጣሪውን አጠፋ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከዚያ ወዲያ አልታዘዛቸውም።

ሰኞ ጠዋት የሕንፃው አስተዳዳሪ ካርዱን ይዞ መጣ። ከድር አይቶት «ይሄን አልለካሁም» አለ። ሐጂ ወደ እኔ ዞረው ሲለካ አይተሃል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፤ ዓርብ ከእርስዎ ቀድሞ ተመልሶ ለካው» አልኩ።

ከድር የእጅ ጽሕፈቴን ያውቀዋል። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሐጂ የገዛ ስሙን የሚክድ ሰው እኔ ጋ አይሠራም ብለው አሰናበቱት። የሥራ ጋዋኑን አውልቆ፣ አጥፎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ወጣ። የሦስት ልጆች አባት ነበር።

አምስት ቀን ዝም አልኩ። የምሠራውን የማላውቅ ለጋ አልነበርኩም፤ ፈሪ ነበርኩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል። በስድስተኛው ቀን ለሐጂ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ለእኔ ነገርከኝ። ለወልዴስ ማን ይነግረዋል?» አሉ።

እሳቸው በዚያው ቀን ከድር ቤት ሄደው፣ ይቅርታ ጠይቀው መለሱት። ከድር ሰላምታ አልነፈገኝም። ቀልዱን ግን ለእኔ አቆመ።

እኔ ጋሼ ወልዴ ቤት ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በግራው ደግፈው ይዘውታል። ከሐጂ ሱቅ እንደመጣሁ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ከድር የሚባለው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም ጋሼ። ከድር አልለካውም። እኔ ነኝ ስሙን የጻፍኩት።»

ድምፃቸው ዝቅ ብሎ «እኔ እኮ ለጸሎት በተነሳሁ ቁጥር ከድርን ስረግም ነው የሰነበትኩት፤ ከነልጆቹ» አሉ።

ጋሼ ወልዴ በግራ እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በል፣ ስምህን ንገረኝ» አሉኝ።

ግርማ እባላለሁ አልኳቸው። እንዳይጠፋቸው ይመስል ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ ከኬብል አልተለየሁም። ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይኸው ነው፤ ያልለካ ሰው ስም አይጻፍም። ለኪ ከሌለ ቦታው ባዶ ይሁን፤ ኬብሉም ከሱቅ አይውጣ።