በዘጠነኛው ምዕራፍ ከሞት የተነሳው አብሳይ

እትዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው መጽሐፍ ስታርም ኖራለች። በማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አልከፈት ባለ ክፍል ውስጥ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ የሰው ነጠላ ሰረዝ ስትለቅም። የራሷ ልቦለድ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስለ ባሕር ነው፤ ከጀመረችው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ባሕር ግን አይታ አታውቅም።

ታናሽ ወንድሟ የጉድጓድ ውኃ ቆፋሪዎች ጭነት መኪና ሹፌር ነው። ልጅ እያሉ ድርሰቱን የምትጽፍለት እሷ ነበረች። እሾህና ዝሆን ብቻ ባለበት ዱር ሦስት ዓመት ሲመላለስ ከርሞ፣ አንድ ቀን በጉዞ መመዝገቢያ ወረቀት ጀርባ የተጻፈ ልቦለድ ታቅፎ መጣ። አሳታሚ በአንድ ወር ወሰደለት። በአንድ ወር! እትዬ «እሰይ የኔ ወንድም» ብላ ጉንጩን ሳመችው፤ አንጀቷ ግን እርር አለ።

ይባስ ብሎ መጽሐፉ ለእርማት የመጣው እሷው ጠረጴዛ ላይ ነው።

በዚያ ክፍል እርማት የጥንድ ሥራ ነው፤ አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን ናሙና ይዞ ይከታተላል። አንባቢው ጋሼ መነጽር ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሲያነቡ ጥርሳቸው ታይቶ የማያውቅ ሰው። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሳቁ። የቆፋሪዎቹ አብሳይ ከኋላው የቆመውን ዝሆን ሰው መስሎት፣ ዞር እንኳ ሳይል «ማነህ፣ ብርሃኑን አትከልክለኝ» የሚልበት ቦታ ነው።

«ይሄ ልጅ የት ተደብቆ ነው የኖረው?» አሉ።

«መሪ ጨብጦ።»

«ዝሆን እንዲህ ኮሽ ሳይል ይመጣል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ? እኔ የማውቀው ነጠላ ሰረዝ ነው።»

አራተኛው ምዕራፍ ላይ አብሳዩን እባብ ነድፎ ገደለው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ዘጠነኛው ላይ ያው አብሳይ፣ ጎህ ሲቀድ ተንበርክኮ እሳት ያነዳል። ጋሼ በታሪኩ ሰክረው ሳያስተውሉ አለፉት። እትዬ አስተዋለች። እስክሪብቶዋ ተነሳ፣ ቆመ፣ ተመለሰ።

«ይለፍ» አለች በሆዷ። የአራሚ ሥራ ፊደል መልቀም እንጂ ሬሳ መቁጠር አይደለም። መጽሐፉ ወጥቶ አገር ሲስቅበት ታያት፤ ታያትና ደስ አላት።

ሐሙስ ጠዋት «ይታተም» ብላ ልትፈርም ስትል ወንድሟ አቧራ በአቧራ ሆኖ ገባ።

«እትዬ፣ ስህተት አገኘሽበት?»

«አንተ ራስህ አላየኸውም?»

«እኔ ምን ዓይን አለኝ? አሳታሚውንም ‹እህቴ ካየችው አለቀ› ብዬ አሳርፌዋለሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «ያ በአራተኛው ሞቶ በዘጠነኛው እሳት የሚያነደው አብሳይ የእውነት ሰው ነው?» አለችው።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ነበረ። ከሞተም በኋላ ስንት ጊዜ ጠዋት ስነቃ እሳቱን እሱ ያነደደው ይመስለኝ ነበር። እጄም ሳላውቀው ሳያስነሳው አልቀረም።»

ያረረው አንጀቷ ባሰበት። የዚህ ልጅ ስህተቱ እንኳ ከኖረበት የመጣ ነው። እሷ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ስህተት አንድ ቀን አልወጣትም።

ወንድሟ ሲወጣ ግን አብሳዩ እሳት የሚያነድበትን መስመር በቀይ ሰረዘችውና ከጎኑ ጻፈች፦ «በዚያ ጠዋት ሁላችንም ነቅተን ከተኛንበት ሳንነሳ ቆየን፤ እሳቱን የሚያነድልን ሰው እንደሌለ ቀድሞ መናገር የፈለገ አልነበረም።» ፈረመች።

በመጽሐፉ ምረቃ ቀን ጋሼ መነጽር ተነስተው ያቺኑ መስመር በቃላቸው ደገሟት። አዳራሹ አጨበጨበ። ወንድምየው ጎንበስ ብሎ ተቀበለ፤ ከዚያ ሁሉ ወረቀት የትኛውን እንደጻፈ በምን ያስታውሰው? እትዬ በገዛ አረፍተ ነገሯ ስትቀና ራሷን አገኘችው።

ሲመለሱ በጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ «ፊትሽ ጠቆረ እኮ እትዬ» አላት።

«ቀንቼብህ ነው።»

ሳቀ። «በምኑ? በአቧራው?»

«በአቧራው። ሰኞ ስትወጣ እዚህ ወንበር ላይ ሰው አለ?»

«ባሕሩስ?»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይብቃኝ።»

ትንሽ ነዳ። «ጠዋት እሳት የሚያነድ ሰው የለንም፣ እነግርሻለሁ።»

«እሳቱን እኔ አነዳለሁ» አለች። «ስለሱ ግን አንዲት መስመር እንዳትጽፍ። የእኔ ነው።»