የሁላችንም ዘፈን

እልል በሉ፣ አሸነፈ! እናቶቻችን ሳይቀሩ የጨፈሩበት የበጋው የባህል ሙዚቃ ፌስቲቫል ዘንድሮ የምንጊዜም ምርጥ ዘፈን መርጧል፤ ያንኑ ሁላችንም በቃላችን የምንወጣውን!

ዜናውን የሰማሁት ከአንድ ሽማግሌ ጎን ቆሜ ነው። ኮታቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው፤ ጫማቸው ግን እንደ መስታወት ያበራል። በየዓመቱ ከመድረኩ ሥር አይጠፉም አሉ። ዘፋኞቹ ዜማው ውስጥ አንዲት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ እሳቸው ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

አስተዋዋቂው «ደራሲው የማይታወቅ፣ የሕዝብ ሀብት!» ሲል እጃቸውን አወጡ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት። ለሚስቴ ነው።»

«የኔ አባት፣ የሁላችንም አይደል እንዴ!» ብላ ከኋላ የቆመች ሴት ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ሰው በሳቅ ፈነዳ።

«ዜማው እዚያ ጋ ዝቅ ነው የሚለው፤ እንዲህ...» ብለው ሊያዜሙ ጀመሩ።

ጥበቃው ትከሻቸውን ያዝ አድርጎ፣ «አባባ፣ ዘፈኑን አያበላሹብን» አላቸው።

ከዚያ ሜዳው በአንድ ድምፅ ዘፈነው። ሽማግሌውም ተከተሉን፤ እዚያች ቦታ ስንደርስ እንደኛው ከፍ አደረጉት። እንዴት ደስ ይላል!

ስማቸውን ልጠይቅ ነበር። ግን እህቴ ይህን ዘፈን እንዴት እንደምትወደው! ሮጥ ብዬ ላብስራት።